ያየሁት ብቻ መስሎኝ

ዛሬ ሰቆጣ ኮምፒውተር ቤት ገብቼ ከራሴ ጋር ተገናኘሁ። ቀልድ አይደለም።

ከጽጽቃ የመጣሁት አንዲት ገጽ ላሳትም ነው። (በኢሜይል ከላክሁላቸው በኋላ «ሃርድ ኮፒ አምጣ» ያሉኝን ሰዎች ለእግዜር ሰጥቻቸዋለሁ።) ፋይሉን አውርጄ ዳውንሎድ ፎልደር ውስጥ ስገባ፣ ጥር ላይ የከፈትኩት የሕክምና ማስረጃዬ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። ያን ቀን ኔት እየቆረጠብኝ ደጋግሜ ስለተጫንኩት ስሙ ላይ (1)፣ (2)፣ (3) እየተቀጠለ አራት ሆኗል። እኔ እኮ ሳይን አውት ብዬ ነው የወጣሁት! ሁለቴ አረጋግጬ! ለካ በሩን ቆልፌ ልብሴን ደጅ አስጥቼ ኖሯል የሄድኩት።

ጎረቤቶችም አሉኝ። «ሲቪ የመጨረሻ»፣ «ሲቪ የመጨረሻ 2»፣ «ሲቪ የምር የመጨረሻ»። ወንድሜ፣ ማን እንደሆንክ አላየሁም፤ ብቻ ሥራውን ይስጥህ።

እ.ኤ.አ. በ1996 ሆትሜይል ሲመጣ ደብዳቤያችንን ከየትም ኮምፒውተር እንድናነብ ነበር። ቅጂው የት እንደሚቀር ግን ማን ጠየቀ? ብሮውዘሩ እዚያው ከፍቶ ሲያሳያችሁ ለፍጥነት ብሎ ቁርጥራጩን ካሽ ውስጥ ይሸጉጣል፤ እሱስ ሲጸዳ ይሄዳል። ዳውንሎድ ያላችሁት ግን ሰው እስኪሰርዘው ኗሪ ነው። ኢንኮግኒቶም ታሪኩን እንጂ ያወረዳችሁትን ፋይል አያጠፋም።

ቢሮ ያላችሁም አትሳቁ። አውትሉክ ላይ አታችመንት በቀጥታ ስትከፍቱ ቅጂው የተደበቀ ጊዜያዊ ፎልደር ውስጥ ይገባል። በወጉ ስትዘጉት ይጸዳል፤ ፋይሉ እንደተከፈተ መብራት ድርግም ካለ ግን እዚያው ሊቀር ይችላል። መብራት ደግሞ… እናንተው ጨርሱት።

ካርቦን ትዝ አለኝ። ልጅ ሆነን ፍርድ ቤት በር ላይ በታይፕ ማመልከቻ የሚጽፉ አንድ አባት ነበሩ። የሚጥሉትን ካርቦን እንሻማ ነበር፤ ለሥዕል። አንድ ቀን አንዴ ብቻ የተመታበት ደረሰኝ። ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጌ ስይዘው ፊደሎቹ ቦግ አሉ፤ የጎረቤታችን የፍቺ አቤቱታ፣ ከነምክንያቱ! ሮጬ ሄጄ ለእናቴ ማንበብ ጀመርኩ። ሁለተኛው መስመር ላይ ነጥቃኝ ምድጃ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ጆሮዬን ይዛ «አላየህም። ገባህ? አላየህም!»

ጣቴ ለሳምንት ሰማያዊ ነበር።

እና ዛሬ እንደ እሷ ላድርግ ብዬ አራቱን የኔን መረጥኩና ሺፍት ከዲሊት ጋር፤ ሪሳይክል ቢን እንኳ እንዳያያቸው። የሌሎቹ ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። ያቺ «የምር የመጨረሻ» ለባለቤቷ የቀረች አንድ ቅጂ ብትሆንስ? እዚህ አገር በጦርነቱ ጊዜ ወረቀቱን ሁሉ ጥሎ የወጣ ስንት ሰው አለ።

ተውኩት። የኮምፒውተር ቤቱን ልጅ ግን «ማታ ማታ ይሄን አጽዳው እንጂ» አልኩት።

«ጋሼ፣ ተመልሰው ይጠይቁኛል እኮ።»

ምን ልበለው? እሱም ልክ ነው፣ እኔም ልክ ነኝ።

ፕሪንተሩ ቀለም ጨርሷል።