የበዓል ቀን መንገደኛ

በአገራችን በዓል በመጣ ጊዜ የሚዘጋው የመሥሪያ ቤት በርና የገበያ መደብ ብቻ አይደለም፤ መንገድም ይዘጋል። መንገዱ እንደ ትናንቱ በስፍራው ተዘርግቶ ሳለ የሚሄድበት መኪና ስለሚጠፋ፥ ከእግረኛ በቀር ለሌላው ሁሉ እንደ ተዘጋ ይቆጠራል። በዚህ ነገር ጥቂት ለመጻፍ የተነሣሁት ነገሩ አዲስ ሆኖ አይደለም። ብዙ ዘመን በልቤ አጽንቼ የያዝሁትን አሳብ እንድመረምር ያስገደደኝ አንድ ነገር በራሴ ላይ ስለ ደረሰ ነው።

የምኖርባት ወገል ጤና የደላንታ ከተማ ናት። ደላንታም በአንድ ወገን የበሽሎ፥ በሌላው ወገን የጅጣ ሸለቆ የቈረጠው ከፍተኛና ብርዳም ደጋ ነው። በአዘቦት ቀን በመናኸሪያው ወደ ደሴ የሚወርደውና ወደ ጋሸና የሚሄደው መኪና ረዳት ሲጣራ ይውላል፤ ተራ አስከባሪውም ከሹፌሩ ጋር ይከራከራል። የበዓል ዋዜማ ሲሆን ተሳፋሪው ይበዛል፥ ዋጋው ይወደዳል፥ ዶሮው ከሰው እግር ሥር፥ በጉ ከጣራ ላይ ይጫናል። በበዓሉ ዕለት ግን በዚያ ሜዳ ልጆች ከሚያንከባልሉት ኳስ በቀር የሚንቀሳቀስ ነገር አይገኝም። ባጃጁ እንኳ በሸራ ተሸፍኖ ከባለቤቱ አጥር ሥር ይቆማል።

ይህም በእኛ ብቻ የሚታይ አይደለም። በእንግሊዝ ዋና ከተማ በለንደን በእነርሱ የልደት ቀን፥ በእኛ አቈጣጠር ታኅሣሥ 16 ቀን፥ የምድር ውስጥ ባቡር አይሠራም። በእስራኤልም ዓርብ ማታ ሰንበት ሲገባ አብዛኛው የሕዝብ አውቶቡስ ይቆማል፤ በስርየት ቀናቸውማ አውራ ጎዳናው ሁሉ ባዶ ስለሚሆን ልጆች ብስክሌት ይነዱበታል። ሆኖም በዚያ ቀን አምቡላንስ ይሄዳል፤ ሕመምተኛ የሚጭነውን ሰው ሕጉን አፈረስህ የሚለው የለም።

በእኛም ዘንድ ስለ ዕረፍት ቀን መከራከር የቈየ ነገር ነው። በ1442 ዓ.ም. በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ እስኪወሰን ድረስ ሊቃውንቱ ስንት ዓመት እንደ ተከራከሩ አንባብያን ታውቃላችሁ። እኔም በዚህ ትምህርት ያደግሁ ሰው ነኝና በዓል የሚሽር ሰው ሲገጥመኝ ዝም ማለት አይሆንልኝም ነበር።

በመስከረም 2009 ዓ.ም. የመስቀል ዕለት ከደመራው ስንመለስ አንድ ወጣት ሹፌር በሚኒባሱ ሰው ሲጭን አየሁ። በሕዝብ ፊት ጠርቼ፥ «ልጄ፥ ለስድስት ቀን ያልበቃህ ገንዘብ በዛሬው ይበቃሃልን?» ብዬ ገሠጽሁት። ልጁ ጨዋ ነውና አንድ ቃል አልመለሰም፤ አንገቱን ደፍቶ ሰዎቹን አወረደና መኪናውን አቆመ። ከወረዱትም አንዲት እናት ሕፃን ታቅፋ ነበር። ወዴት ልትሄድ እንደ ነበረ አልጠየቅኋትም። ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ገባሁ፤ በበዓሉም ጠበል ጠዲቅ ላይ ነገሩን ለሰው አወራሁት።

ከዚህ በኋላ ሁለት ዓመት ተኩል አለፈ። በ2011 ዓ.ም. ሚያዝያ 19 ቀን፥ ቀዳም ሥዑር፥ ካህናቱ ቄጤማ ሲያድሉ ቈይተው እኔም ቄጤማዬን በራሴ አስሬ ስመለስ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት ስልኬ ጮኸ። የጠራኝ ቅኔ ያስተማሩኝ የየኔታ የወንድም ልጅ ነበረ። «መሪጌታ፥ የኔታ ደክመዋል። ሌሊቱን ሙሉ ስምዎን ሲጠሩ አደሩ። ቢችሉ ዛሬውኑ ይምጡ» አለኝ።

የኔታ ያሉት ከጅጣ ማዶ በዋድላ ነው። ዋድላ በቅኔ ትምህርት ቤት ስሙ የታወቀ፥ የዜማውና የስልቱ መንገድ በራሱ ስም የሚጠራለት አገር መሆኑን ለካህናት መንገር አያሻኝም። እኔም በልጅነቴ ደበሎ ለብሼ፥ አኩፋዳ ይዤ፥ ውሻ እየተከላከልሁ ለምኜ የተማርሁበት ነው። የመጀመሪያዋን ጉባኤ ቃናዬን ሳቀርብላቸው የኔታ ሦስት ጊዜ አፍርሰው በአራተኛው «ይሁን» አሉኝ፤ በሕይወቴ ከተሰጠኝ ሹመት ሁሉ ያቺን ቃል የሚበልጥ የለም።

ወዲያው ወደ መናኸሪያ ሄድሁ፤ ማንም የለም። አይሱዙ ያለውን ነጋዴ ብጠይቅ ሹፌሩ ለበዓል ወደ ዘመዶቹ ሄዷል። ባለ ባጃጁ ለዚያ መንገድ አቅም የለውም። አምቡላንሱም በዚያች ቀን ምጥ የያዛትን ሴት ሊያመጣ ወጥቶ ነበርና እርሱን መጠየቅ ለኅሊናዬም አልተስማማኝም። በመጨረሻ እያፈርሁ ወደዚያ ወደ ገሠጽሁት ወጣት ቤት ሄድሁ። ከበጉ አጠገብ ቢላ ሲስል አገኘሁት። ነገሩን ብነግረው ደነገጠና ተነሥቶ እጄን ሳመኝ፤ እንዲህም አለኝ፦

«መሪጌታ፥ ከዚያን ቀን ወዲህ በበዓል ዋዜማ ነዳጁን ለሌላ ሰው እሸጠዋለሁ። ነዳጅ ካለ ሰው ይለምነኛል፥ ከተለመንሁም እንቢ ማለት አልችልም ብዬ ነው። አሁን ታንከሩ ባዶ ነው። አፋልጌ ላምጣ፥ ይታገሡኝ።»

ወጥቶ እስከ ስድስት ሰዓት ፈለገ፤ ነዳጅ የሚሸጡት ሁሉ ዘግተው ሄደው ነበርና ባዶ ጀሪካኑን እንዳንጠለጠለ ተመለሰ። እኔም የዘራሁትን እንዳጨድሁ አወቅሁ። በትሬን ይዤ በእግሬ ተነሣሁ።

አክፍሎት ይዤ ስለ ነበር ከሐሙስ ማታ ጀምሮ እህልም ውኃም አልቀመስሁም። ዕድሜዬም በዚያን ጊዜ ኀምሳን ተሻግሯል። ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል እያልሁ ራሴን እያጽናናሁ የደጋውን ሜዳ ጨርሼ ከአፋፉ ደረስሁ። ከዚያ ወዲያ ያለው ቍልቍለት ጕልበት የሚያንቀጠቅጥ ነው።

ይህ የጅጣ ቍልቍለት ታሪክ ያለበት መንገድ ነው። በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን ወደ ሰባ ኩንታል የሚመዝን መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጐትቱ፥ ድንጋዩን እያስፈነቀሉ፥ እርሳቸውም በእጃቸው እየሠሩ በዚሁ ሸለቆ አሻግረው ወደ ደላንታ አወጡት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የጄኔራል ናፒየር ጦር ያንኑ የተጠረገውን መንገድ ተከትሎ መጣ። የአሮጌ ውጊያ የተደረገው ሚያዝያ 3 ቀን በስቅለት ዕለት ነበረ። በፋሲካው ቀን ንጉሡ ለእንግሊዝ ሠራዊት መፈሰኪያ ብለው 1000 ላምና 500 በግ ሰደዱ፤ ጄኔራሉ አልተቀበለም። በማግስቱም ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሡ ሞቱ።

በዚያ ቍልቍለት ስወርድ ይህን አሰብሁ። ሁለቱም ወገኖች ክርስቲያን ነን የሚሉ፥ ስቅለትንም የሚያውቁ ነበሩ፤ ነገር ግን መድፉን በዚያ ቀን ያሳረፈው የለም። ሰው ለመግደል በበዓል ቀን መንገድ አላጣም። እኔ ግን ሰው ለመርዳት የሚሄደውን መኪና በበዓል ቀን አስቁሜ ነበር። ይህ አሳብ ከመንገዱ ይልቅ አደከመኝ።

ወንዙን ስሻገር ፀሐይ ልትጠልቅ ተቃርባለች። የዋድላን ዐቀበት ጥቂት እንደ ወጣሁ ጕልበቴ ከዳኝና ከድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። በዚያን ጊዜ አንድ ሙስሊም ጐልማሳ በቅሎ እየነዳ ከታች መጣ። በራሴ ያለውን ቄጤማ አይቶ፥ «አባቴ፥ ዛሬ እኮ ዋዜማችሁ ነው፤ ምነው በዚህ ሰዓት ብቻዎን?» አለኝ። ነገርሁት። ጭነቱን አውርዶ ከቋጥኝ ሥር ሸሸገና በበቅሎው አወጣኝ። ከአፋፉም ላይ ገንዘብ ብሰጠው እንዲህ ብሎ መለሰልኝ፦ «ለእናንተ በዓል ነው፤ ለእኔ ግን የሥራ ቀን ነው። በዒድ ቀን ደግሞ የእኔን እናት የእናንተ ሰው ያደርስልኛል።» ይህን ብሎ ለጭነቱ በጨለማ ተመልሶ ወረደ። ስሙን እንኳ ሳልጠይቀው ቀረሁ።

ከየኔታ ቤት ስደርስ የትንሣኤው ደወል ተደውሎ፥ ዶሮ ሊጮኽ ሲል ነው። የኔታ በሕይወት ነበሩ፤ አንደበታቸው ግን ተዘግቷል። የወንድማቸው ልጅ፥ «ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ ይናገሩ ነበር። ደረሰ ወይ? ደረሰ ወይ? ይሉ ነበር» አለኝ። እጃቸውን ያዝሁ፤ ጣቴን ሁለት ጊዜ ጨበጥ አደረጉ። በማዕዶት ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ዐረፉ። ሊነግሩኝ የፈለጉት ምን እንደ ነበረ እስከ ዛሬ አላውቅም። በመኪና፥ በጋሸናም በኩል ዞሬ ቢሆን፥ ፀሐይ ሳትጠልቅ እደርስ ነበር።

አንባብያን ሆይ፥ በዓል ይሻር ማለቴ እንዳይመስላችሁ። ሹፌርም ሰው ነው፤ ሚስትና ልጆች አሉት፥ ከእነርሱ ጋር መፈሰክ ይገባዋል። ዓመቱን ሙሉ ሌላውን ለበዓል ሲያደርስ ኖሮ እርሱ በመንገድ ላይ ይቅር ማለትም ግፍ ነው። ደግሞም አባቶቻችን በበዓል ከቤታቸው አይወጡም አልነበረም፤ መስከረም 21 ቀን ለግሸን፥ ታኅሣሥ 29 ቀን ለላሊበላ ስንት ቀን በእግራቸው ይጓዙ ነበር፤ ዛሬም በእግሩ የሚሳለም አለ። በእነዚያ ቀኖች መኪናው ከየአገሩ ወደነዚያ ደብሮች ይጐርፋል፤ ሳላሚ መጫኑን በዓል መሻር የሚለው የለም። ለሳላሚ የተፈቀደ መንገድ ለሕመምተኛ እንዴት ይከለከላል? ጌታ በሰንበት መፈወሱን፥ በጕድጓድ ስለ ወደቀው በሬም የተናገረውን በየዓመቱ እያነበብን ለሕዝብ እንተረጕማለን፤ እኔ ግን ለሌላው ስተረጕም ለራሴ አልተረጐምሁም።

ነገሩን ስመረምር መፍትሔው በእጃችን ያለ ሥርዓት ሆኖ አገኘሁት። በበዓል ቀን ከሁሉ ይልቅ የሚሠራው ማን ነው? ካህኑ ነው፤ ሌሊት ይቆማል፥ ይቀድሳል፥ ያቈርባል። ነገር ግን ሁሉም ካህናት በአንድ ጊዜ አይደክሙም፤ በየሰሞኑ ተራ ስላላቸው ሰሞነኛው ሲያገለግል ሌላው ያርፋል። እንግዲህ ለመቅደስ የሚበጅ ሥርዓት ለመንገድ ስለ ምን አይበጅም? ከተማው ሁሉ ሲያርፍ አንድ ሹፌር፥ ነዳጅ የሞላ አንድ መኪና፥ ስልኩን የማይዘጋ አንድ ሰው ሰሞነኛ ቢሆን በዓሉ አይጐድልም፤ ይሞላል እንጂ።

ከፋሲካ በኋላ ተመልሼ ያን ወጣት ከሰዎች ፊት ይቅርታ ለመንሁት፤ የገሠጽሁት በሰው ፊት ነበርና። ከዚያም አሳቤን ለእድራችን አቀረብሁ። ሽማግሌዎቹ ጥቂት ተከራከሩና ተቀበሉት፤ ሙስሊሞቹ ሹፌሮችም ራሳቸው መጥተው፥ «በእናንተ በዓል እኛ፥ በዒድና በዐረፋ እናንተ» ብለው ተስማሙ። ዋጋው ከአዘቦቱ እንዳይበልጥ፥ የድኻው ሒሳብ ከእድሩ እንዲከፈል ተባለ። ለዚህም የተጻፈ ውል የለም፤ ቃል ብቻ ነው።

ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአገራችን በደረሰው ጦርነትና ከዚያም ወዲህ በቀጠለው ሁከት መንገድ በአዘቦትም የሚዘጋበት፥ ነዳጅም የሚጠፋበት ቀን በዝቷል፤ በዚያን ጊዜ የቀድሞው ቃሬዛና የጐረቤት ትከሻ ይተካል። መንገዱ በተከፈተና ነዳጅ በተገኘ ጊዜ ግን ስምምነቱ ይሠራል። እኔም በበዓል ዋዜማ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ያን ሹፌር ሳገኘው እንደ ቀድሞው «መኪናህን አቁመሃልን?» አልለውም። «የነገው ሰሞነኛ ማን ነው?» ብዬ እጠይቀዋለሁ።