«ስንት ጻፍሽልኝ?»

ቅርጫት ኳስ ተጫውቼ አላውቅም። ቁመቴ አይፈቅድም፤ ትንፋሼም እንዲሁ። በሰፈራችን የታዳጊ ሴቶች ቡድን ውስጥ ግን ሁለት ዓመት አገልግያለሁ፣ ደብተር ያዥ ሆኜ። አሠልጣኙ በጋዜጠኝነት መመረቄን ሲሰማ «እንግዲያው መጻፍ ትችያለሻ!» ብሎ እስክሪብቶ ሰጠኝ። (በዲግሪዬ ያገኘሁት የመጀመሪያ ሥራ ይኸው ነው። ደሞዝ የለውም።)

ሥራው ቀላል ነው። ኳሷ ስትገባ የልጅቷን ቁጥር አይቼ አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ነጥብ እጽፋለሁ። ፋውል ሲነፋ ጥፋተኛዋ ስም ላይ አንድ ሰረዝ። ከዚያ ውጭ ሜዳ ላይ የሚሆነውን ደብተሩ አያውቀውም።

በ2016 ዓ.ም. የውድድሩ ዓመት ሲያልቅ አንድ ዋንጫ ተገዛና «ኮከብ ተጫዋች» ተጻፈበት። አሠልጣኙ «መቼም ደብተሩ አንቺ ጋ ነው፤ ማን ትሁን?» አለኝ። ደመርኩ። ብዙ ያገባችውን ልጅ ስም ነገርኩት። ክርክር የለውም፣ ሒሳብ ነው።

ዋንጫው ተሰጠ፣ ተጨበጨበ፣ ለስላሳ ተጠጣ። ወንበር እየሰበሰብን ሳለ ሰባት ቁጥሯ መጣች። ይቺ ልጅ የተጋጣሚን አስቸጋሪ አጥቂ ሁልጊዜ የምትይዘው ናት። ኳስ ትነጥቅና ለሌላ ትሰጣለች። ጓደኛዋ ተመቻችታ እንድትወረውር ተከላካይዋን በደረቷ ታቆማለች። ጉልበቷ ሳይላጥ የዋለበት ቅዳሜ ትዝ አይለኝም። የ14 ዓመት ልጅ ናት።

«ለኔስ ስንት ጻፍሽልኝ?»

ገለጥኩ። በዓመቱ 18 ነጥብ። በፋውል … ከቡድኑ አንደኛ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ መዋሸት አማረኝ። እሷ ግን ገጹን በጣቷ ነካ አድርጋ «እሺ» አለችና ወንበሯን ተሸክማ ሄደች። በቀጣዩ ዓመት ልምምድ አልመጣችም። በዋንጫው ምክንያት ነው ብዬ አልምልም፤ ትምህርት አለ፣ ቤተሰብ አለ። አልምል እንጂ እጠረጥራለሁ።

ከዚያ በኋላ ነው ስለዚህ «ኮከብ» ስለሚባል ነገር ማንበብ የጀመርኩት። እ.ኤ.አ. በ1961-62 የውድድር ዘመን ዊልት ቻምበርሌን በኤንቢኤ በየጨዋታው በአማካይ 50.4 ነጥብ አስቆጠረ። እስከ ዛሬ ማንም አልደረሰበትም። የዚያ ዓመት ኮከብ ተብሎ የተመረጠው ግን ማን መሰላችሁ? በአማካይ 18.9 ያገባው ቢል ረስል! ረስል ስሙ የገነነው ሌሎች እንዳያገቡ በማድረግ ነው። ይሄ ደግሞ በዚያን ጊዜ ደብተር ላይ አይሰፍርም ነበር፤ ሊጉ የታገዱና የተነጠቁ ኳሶችን መመዝገብ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1973-74 ነው። ታዲያ ማን አየለት? ተጫዋቾቹ። ያኔ መራጮቹ ራሳቸው ተጫዋቾቹ ነበሩ፣ ኳሳቸውን ከእጃቸው ላይ የመታባቸው ሰዎች። እ.ኤ.አ. ከ1980-81 ጀምሮ ግን ምርጫው ለጋዜጠኞች ተሰጠ። (ለኛ ማለት ነው። አቤት!)

ለልጅ ሽልማት ምን ያደርጋል የሚሉ ወላጆች አሉ። ለሁሉም ሜዳሊያ ይታደል የሚሉም አሉ። እኔ በሁለቱም አልስማማም። ለሁሉም የታደለ ሜዳሊያ ምን ማለት እንደሆነ ልጆቹ ከኛ በላይ ያውቁታል። ያቺ ብዙ ያገባችው ልጅም ዋንጫው አይገባትም ማለቴ አይደለም፤ ስትወረውር ብታዩዋት!

በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ አሠልጣኙን ለመንኩትና ልጆቹ ራሳቸው እንዲመርጡ ሆነ። ለእያንዳንዷ አንድ ብጣሽ ወረቀት፤ የራስን ስም መጻፍ ክልክል። ያችው አግቢ በሁለት ድምፅ በልጣ ዋንጫውን በድጋሚ ወሰደች። አሠልጣኙ እስኪበቃው ሳቀብኝ።

ወረቀቶቹን ስቆጥር አንዱ ላይ «ሰባት ቁጥር» ይላል። ዓመቱን ሙሉ ሰባት ቁጥርን የለበሰ ሰው አልነበረም። በደንቡ ውድቅ ድምፅ ነው፤ ውድቅ ብዬም መዘገብኩት። ወረቀቱ ግን እስካሁን ደብተሬ ውስጥ አለ።