ወደ ጃማይካ ደሴት ለዕረፍት መሄድን ለሚያስቡ ቤተሰቦች

ዕረፍት ማለት ሥራ ከመፍታት በቀር ሌላ አሳብ የማይጠይቅ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን ባለቤቱንና ልጆቹን ይዞ ከውቅያኖስ ማዶ ወዳለ አገር ሊሄድ ያሰበ የቤተሰብ አባት፥ ገንዘቡን ከመቍጠሩ በፊት ወሩን መቍጠር የሚገባው መሆኑን አንድ ወዳጄ በገዛ ቤቱ ሲማር አይቻለሁና፥ ነገሩን ለተከበሩ አንባቢዎች መጻፍ ይጠቅማል ብዬ አሰብሁ።

ይህ ወዳጄ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አለው። የመረጡት አገር በካሪብ ባሕር ያለችው ጃማይካ ናት። ተማሪዎች የሚያርፉት በክረምት ስለ ሆነ፥ በነሐሴ ሄደው ከእንቍጣጣሽ በኋላ እንዲመለሱ ቈርጠው ነበር። ካርታውን ዘርግተው ሲመካከሩ ደረስሁና ወሩን በሰማሁ ጊዜ ዝም ማለት አልቻልሁም። በዚያ ባሕር የዐውሎ ነፋስ ወራት የሚባለው ከግንቦት 24 ቀን እስከ ኅዳር 21 ቀን ድረስ ነው፤ እጅግ የሚበረታውም ከነሐሴ አጋማሽ እስከ ጥቅምት ነው። ፀሐይ ብዙ ወራት ያሞቀችው የባሕር ውሃ እንፋሎቱን ወደ ላይ እየሰደደ ነፋሱን ይመግበዋልና። እንግዲህ የእኛ ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ጊዜ ለዚያ ባሕር የቍጣው ጊዜ ሆኖ ተገኘ። በ1981 ዓ/ም መስከረም 2 ቀን፥ እኛ ዘመን በለወጥን በማግሥቱ፥ ጊልበርት የተባለው ዐውሎ ነፋስ ደሴቲቱን ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ ጠርጎ እንዳለፈ ነገርኋቸው።

የወዳጄ ባለቤት ጸጥ ብለው ሲሰሙ ከቈዩ በኋላ «እንግዲያውስ ለገና ይሁን» አሉ፤ መልካም ፍርድ ነበረ። ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ድረስ በጃማይካ ዝናቡ ይቀንሳል፥ አየሩም ይለዝባል። የሰሜን አገር ሰዎች ከበረዶ ሸሽተው የሚመጡበት ወራት ስለ ሆነ የማረፊያው ዋጋ ከፍ ይላል እንጂ ሌላ ነቀፋ የለበትም። ደግሞም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በየዓመቱ ጃንዋሪ 6 ቀን፥ ይኸውም በአብዛኛው በእኛ የገና ዋዜማ፥ በምዕራብ ተራሮች ባለችው በአኮምፖንግ መንደር ትልቅ በዓል ይከበራል። የመንደሪቱ ሰዎች ማሩን ይባላሉ። አባቶቻቸው ከአፍሪካ በግፍ ተወስደው ባሪያ ከሆኑበት እርሻ አምልጠው፥ በገደልና በዱር ተመሽገው ከእንግሊዝ ጦር ጋር ብዙ ዘመን ተዋጉ፤ በኋላም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1739 አለቃቸው ኩጆ የሰላም ውል ተዋውሎ ነጻነታቸውን አስከበረ። ውሉ ወደ ፊት የሚያመልጡትን ባሮች አሳልፈው እንዲሰጡ ያስገድዳቸው ስለ ነበረ፥ ታሪኩ ያለ ሐዘን አይነበብም። የሆነ ሆኖ ሕዝቡ በዚያ ቀን ኪንዳ በሚሉት የማንጎ ዛፍ ሥር ይሰበሰባል፤ ወዳጄም ልጆቹ ይህን እንዲያዩ እጅግ ተመኘ።

ጉዞው ሲሰናዳ፥ ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ/ም ሜሊሳ የተባለው ዐውሎ ነፋስ በሰዓት 295 ኪሎ ሜትር በሚሮጥ ኃይል የደሴቲቱን ምዕራብ መታ። ይህን ያህል የበረታ ነፋስ ጃማይካን መትቶ አያውቅም። ብላክ ሪቨር የተባለችው የባሕር ዳር ከተማ ፈራረሰች፤ አኮምፖንግ የምትገኝበት የሴንት ኤልሳቤጥ አውራጃም እጅግ ከተጎዱት አንዱ ሆነ።

ወዳጄ ወሬውን እንደ ሰማ «ጣራው በተገፈፈበት ሰው ፊት አሸዋ ላይ ተዘርግቶ ፀሐይ መሞቅ ነውር ነው» ብሎ ጉዞውን ለመተው ቈረጠ። ባለቤቱ ግን «የዚያ አገር ሰው ብዙው እንጀራውን የሚያገኘው እንግዳ ተቀብሎ አይደለምን? እንግዳው ሁሉ እንደ እርስዎ አስቦ ቢቀር ጣራውን በምን ይሠራዋል?» አሉት። ለእኔ የእርሳቸው አሳብ በለጠብኝ። ነገር ግን ለቅሶ ቤት የሚገባ ሰው እንኳ ጊዜውን ያያል፤ ስለዚህ ለባለማረፊያዎቹ አስቀድሞ ተጽፎ እንዲጠየቅ፥ ጉዞውም ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን፥ ማደሪያውም ነፋሱ ቀለል ባለበት በምሥራቅ በኩል እንዲያዝ ተስማማን። የሁለት ሳምንት ትምህርት የሚያልፍባቸው ስለ ሆነ የልጆቹን መምህራን ማስፈቀድ የወዳጄ ፈንታ ሆነ፤ ይህም ከነፋሱ ይልቅ ያስፈራው ይመስል ነበር።

በምሥራቅ ዋና ከተማዋ ኪንግስተን አለች። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1958 ዓ/ም ሚያዝያ 13 ቀን ጃማይካን ሲጎበኙ፥ ሕዝቡ ጥበቃውን ጥሶ እስከ አውሮፕላኑ ድረስ የጎረፈው በዚያው ከተማ አየር ማረፊያ ነው፤ ራስ ተፈሪያን የተባሉትም ቀኑን እስካሁን ያከብሩታል። የእነዚህ ሰዎች ሥጋ የሌለበት ምግብ ረቡዕና ዓርብ ለሚጾም ቤተሰብ ምቹ ነው። አኪ የተባለው የአገሩ ፍሬ ግን በዛፉ ላይ ሳለ በራሱ ካልተከፈተ መርዝ ስለ ሆነ፥ ልጆች ቀጥፈው እንዳይቀምሱ መጠበቅ ያስፈልጋል።

ከአዲስ አበባ በቀጥታ የሚሄድ አውሮፕላን ስለሌለ በለንደን ወይም በሰሜን አሜሪካ ማለፍ ግድ ነው፤ የማለፊያው ፈቃድ ጊዜ ይፈጃልና ከሁሉ አስቀድሞ ይጠየቅ። የቢጫ ወባ ክትባት የምስክር ወረቀትም ለእያንዳንዱ ሰው መያዝ አለበት። ሰዓቱ ከእኛ በስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚቀር ልጆቹ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያለ ጊዜው እንቅልፍ ይጥላቸዋል፤ ለእነዚያ ቀናት ምንም ባይታሰብ ይሻላል።

ከኪንግስተን በላይ ሰማያዊ የሚባሉት ተራሮች ይታያሉ፤ ስመ ጥር የሆነው ቡናቸው ይበቅልበታል። የቡና ተክል ወደዚያች ደሴት የገባው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1728 ነው፤ ዘሩ ከእኛ ምድር ወጥቶ ስንት ባሕር እንደ ተሻገረ ለልጆች ለማስረዳት ከዚህ የሚሻል ስፍራ አይገኝም። ጎብኚዎች በሌሊት ተነሥተው ፀሐይ ስትወጣ ከጫፉ ለመድረስ ይወጣሉ። ጫፉ 2256 ሜትር መሆኑን ባነበብሁላቸው ጊዜ ወንዱ ልጅ «ይህማ ከእኛ ቤት ዝቅ ይላል!» ብሎ ሣቀ፤ እውነቱን ነው፥ አዲስ አበባ ከዚያ ትበልጣለች። እናቱ ግን ሣቁን አልሰሙትም፤ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ጋቢ አጥፈው በሻንጣው ውስጥ አኖሩ።