የዱቤው ደብተር

አጎቴ ደሴ ሰኞ ገበያ አጠገብ አነስተኛ የሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ አላቸው፤ ዕቃ የሚያራግፉበት መጋዘን ደግሞ ቁልቁል፣ ኮምቦልቻ ነው። ከሱቁ ባንኮኒ ሥር፣ ጠርዙ በዘይትና በስኳር የወዛ የዱቤ ደብተር ይቀመጥ ነበር። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ፣ አጎቴ ከሱቁ ይዘው የወጡት በእጃቸው የነበረውን ጥቂት ገንዘብና ይህንኑ ደብተር ብቻ ነበር። በኅዳር መጨረሻ ከተሞቹ ወደ መንግሥት እጅ ተመልሰው፣ እርሳቸውም ወደ ቀያቸው ሲገቡ፣ ባዶ መደርደሪያ ጠበቃቸው። ሱቁን መልሶ ያቆመው ያ ደብተር ነው። ባለዕዳው አንድ በአንድ እየመጣ፣ ስሙን ከገጹ ላይ እያየ፣ የቻለውን ከፈለ። «አልወሰድኩም ያለ አንድ ሰው አልነበረም» ይላሉ እስከ ዛሬ።

እንግዲህ እኔ ያንን ደብተር ልተካ ተነሣሁ።

የምተዳደረው በኮምፒውተር ፕሮግራም ሥራ ነው። በ2015 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ፣ ቪዩ በተባለው የጃቫስክሪፕት ማዕቀፍ፣ የሱቁን ዱቤና የመጋዘኑን ዕቃ የሚመዘግብ ገጽ ሠራሁላቸው። ኮምቦልቻ ያለው ሠራተኛ ያወጣውን ካርቶን ሲጽፍ፣ አጎቴ ደሴ ተቀምጠው በስልካቸው ያዩታል። ተገረሙ፤ መረቁኝም። ደብተሩንም በፌስታል ጠቅልለው ሣጥን ውስጥ አኖሩት።

የሐምሌ መጨረሻ መጣ። በክልሉ ግጭት ተቀሰቀሰ፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። የእኔ ገጽ የሚኖረው ሩቅ ባለ ሰርቨር ላይ ስለነበር፣ አጎቴ ሲከፍቱት ኢንተርኔት የለም ከሚል ጽሑፍ በቀር ምንም አላገኙም። የማን ዕዳ ስንት እንደሆነ፣ መጋዘን ውስጥ ምን እንደቀረ፣ ሁሉም ከመንገዱ ማዶ ቀረ። ሣጥኑን ከፍተው ደብተሩን አወጡ። አንዳች አልተናገሩኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚያ ወቅት ከዚህ ቀደም አውርጄ ያስቀመጥኳቸውን ጽሑፎች ሳገላብጥ ከረምሁ። ያለ ኔትወርክ የሚሠራ ገጽ መሥራት አዲስ ነገር አይደለም። ፕሮግረሲቭ ዌብ አፕ የሚለውን ስም አሌክስ ራስልና ፍራንሰስ ቤሪማን ያወጡለት እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ዋናው ጉዳይ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ማኒፌስት የሚባል አጭር ፋይል ሲሆን የገጹን ስምና ምልክት ይዞ፣ ገጹ እንደማንኛውም አፕ በስልኩ መነሻ ገጽ ላይ እንዲቀመጥ ያደርጋል። ሁለተኛው ሰርቪስ ወርከር ነው። ይህ በገጹና በኔትወርኩ መካከል የሚቆም አጋፋሪ ማለት ነው፤ እያንዳንዱ ጥያቄ በእርሱ በኩል ያልፋል፤ መንገዱ ሲዘጋ አስቀድሞ በስልኩ ካሽ ካኖረው ቅጂ አውጥቶ ይሰጣል። ሁሉ በእጁ ስለሚያልፍም፣ ብራውዘሮች በኤችቲቲፒኤስ ባልተጠበቀ ገጽ ላይ እንዲሠራ አይፈቅዱለትም። ይህን ሁሉ እንደ ቪዩ ባለ ማዕቀፍ ላይ ለመጨመር የተዘጋጁ ተሰኪዎች አሉ፤ ጥቂት መስመር ቅንብር ይጻፋል፣ የሚቀመጡትን ፋይሎች ዝርዝር ተሰኪው ራሱ ያዘጋጃል። የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

ወራት አልፈው ኔትወርኩ ሲመለስ ጨመርኩት። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚኒባስ ስወጣ፣ ሐረጎ ዳገት ላይ ስልኬን ከኔትወርክ አላቅቄ ገጹን ነካሁት። ተከፈተ! ቦርከና ሸለቆ ከበታቼ እየራቀ፣ እኔ በመቀመጫዬ ላይ ብቻዬን ፈገግ አልኩ። «ሁለት ኪሎ ስኳር» ብዬ ጻፍኩ። ዘግቼ እንደገና ስከፍተው ግን ስኳሩ የለም። ያኔ ነው የገባኝ፤ ሰርቪስ ወርከሩ ያስቀመጠልኝ ቤቱን እንጂ በቤቱ ውስጥ የሚገባውን እህል አይደለም። መከፈት ሌላ፣ ማስታወስ ሌላ። እናም መዝገቡን ኢንዴክስድ ዲቢ በሚባለው የብራውዘሩ ማኅደር ውስጥ አኖርሁ፤ ያልተላከው ተራ ይዞ እንዲጠብቅ፣ ኔትወርክ ሲመጣ እንዲሄድ አደረግሁ። አጎቴ ሳስረዳቸው «አብሽር፣ እንሞክረዋለን» አሉና ደብተሩን ዳግመኛ አጠፉት።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሱቁ ውስጥ እያለሁ አንዲት ጎረቤት ዕዳቸውን ሊከፍሉ መጡ። ስልኩን እኔ ነበርኩ የያዝሁት።

«ሁለት ጀሪካን ዘይት ነው፣ እትዬ» አልኳቸው።

«አንድ ነው የወሰድኩት፣ ልጄ።»

«የተጻፈው ሁለት ነው።»

ሴትዮዋ አልተከራከሩም። ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው፣ ከመቀነታቸው ቋጠሮ ተጨማሪ ብር ይፈልጉ ጀመር። ለሁለቱም ሊከፍሉ ነበር፤ ለዘይቱ ሳይሆን ለስማቸው። አጎቴ ከባንኮኒው ጀርባ ወጥተው እጃቸውን ያዙ። «ተይው እታለም፤ ያንቺ ቃል ይበቃል» አሉ። ሴትዮዋ ከሄዱ በኋላ ወደ እኔ ዞሩ። «ደብተሩ ሲሳሳት የተሳሳተችው ይህች እጄ መሆኗን አውቃለሁ። ይኼ ሲሳሳት ማንን ልጠይቅ?»

መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። በዚያ ሰሞን ኔትወርኩ አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይሄዳል። ስልኩ መዝገቡን ይልካል፤ ሰርቨሩም ይቀበላል፤ «ደርሶኛል» የሚለው መልስ ግን በመንገድ ይቀራል። መልስ ያላገኘው ስልክም አልደረሰም ብሎ ደግሞ ይልካል። ሰርቨሩ ሁለት ጀሪካን አድርጎ ይጽፋል። መድኃኒቱ ከባድ አልነበረም። እያንዳንዱ መዝገብ ገና ሲጻፍ፣ እዚያው ስልኩ ላይ፣ የማይደገም መለያ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ሰርቨሩ ያንኑ ቁጥር ሁለተኛ ጊዜ ሲያይ መድረሱን ብቻ ይመልሳል፣ አይመዘግብም። ይህን አስቀድሜ ማድረግ ነበረብኝ። ገጹ ያለ ኔትወርክ መከፈቱ ስላስደሰተኝ፣ የሚጽፈው እውነት መሆኑን ሳልመረምር ቀረሁ።

ሌላም ነገር ለወጥሁ። ቀድሞ መዝገቡ ስልኩ ላይ ብቻ ሳለ እንኳ ገጹ «ተመዝግቧል» ይል ነበር። አሁን ከእያንዳንዱ መስመር አጠገብ ከሁለቱ አንዱ ይነበባል፦ «ስልኩ ላይ ነው» ወይም «ደርሷል»። ኔትወርክ መጥፋቱን ማንም ሰው ይረዳል፤ ያልደረሰውን ደርሷል መባል ግን ያስከፋል።

በማግስቱ ይቅርታ ልጠይቅ ወደ ሴትዮዋ ቤት ሄድኩ። ቡና ተፈልቶ ነበር። ከአቦል እስከ በረካ አስቀመጡኝ እንጂ ስለ ዘይቱ አንዲት ቃል አላነሡም። ስወጣ ብቻ «አጎትህን ደብተሩን እንዳይጥል በልልኝ» አሉኝ።

አልጣሉትም። ማታ ሱቁን ሊዘጉ ሲሉ መነጽራቸውን ያደርጉና በስልኩ ላይ «ስልኩ ላይ ነው» የሚለውን መስመር ብቻ እየፈለጉ በእስክሪብቶ ወደ ደብተሩ ይገለብጣሉ። በነጋታው ደርሶ ሲያገኙት በአንድ ሰረዝ ይሰርዙታል። ፕሮግራሙ አሁን እንደማይሳሳት ልነግራቸው ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ከእኔ ኮድ በፊት ያን ሱቅ ማን እንዳቆመው አውቃለሁና፣ መብራቱን ይዤላቸው እቆማለሁ።