ነባሩ ስፒከር ይጣል ወይስ ይታደስ?

አዲስ አበባ ያለው ታላቅ ወንድሜ «እነዚያን ሣጥኖች አውጧቸውና አዲስ ስፒከር ልላክላችሁ» ካለ ወዲህ ጋይንት፣ ንፋስ መውጫ ያለው ቤታችን በሐሳብ ተከፍሏል። የተባሉት ሣጥኖች አባታችን በካሴቱ ዘመን ገዝተው ሳሎኑ ውስጥ ግራና ቀኝ ያቆሟቸው ሁለት የእንጨት ስፒከሮች ናቸው።

አዲሱን የሚፈልጉት ያለ ምክንያት አይደለም። አዲሱ ቻርጅ ከተደረገ መብራት ቢጠፋም ይሠራል፤ ከስልክ በብሉቱዝ ይገናኛል፤ ፍላሽም ይቀበላል። የእኛዎቹ ግን መብራት በሄደ ቁጥር ከዕቃ ማስቀመጫነት አያልፉም። በዚያ ላይ አንደኛው ሰሞኑን መንተፍተፍ ጀምሯል።

ስለዚህ ከመወሰኔ በፊት ከፍቼ አየሁት። ድምፁን የሚያወጣው ወረቀት አልተቀደደም። በጣቶቼ ከዙሪያው እኩል ይዤ በቀስታ ስገፋው የሚፋቅ ድምፅ የለውም፤ ኮይሉ ደህና ነው ማለት ነው። ያለቀው ወረቀቱን ከብረቱ ጋር የሚያያይዘው የጠርዙ ስፖንጅ ነው፤ ሲነኩት ዱቄት ሆኖ ይረግፋል። እንዲህ ያለው ስፖንጅ ቢሠራም ባይሠራም ከእርጥበትና ከአየር የተነሣ በዓመታት ብዛት ይበሰብሳል። በልኩ ሌላ ተገዝቶ በማጣበቂያ ይተካል። ቀጭኑን ድምፅ ለትንሿ ስፒከር የሚያሳልፈው ካፓሲተርም ከደረቀ ይለወጣል። የሚለወጠው ይኸው ነው፤ ማግኔቱ፣ ወረቀቱና እንጨቱ ገና ብዙ ያገለግላሉ።

ከዚያ ወደ ጆሮ ፍርድ ሄድኩ። ጋይንት እኮ ጆሮ የሚታነጽበት አገር ነው። ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ ዙር አምባ የዝማሬና የመዋሥዕት። ተማሪው ዜማውን ከመምህሩ አፍ እየሰማ ዓመታት ይቀመጣል። በዚህ አገር ስፒከርን በጩኸቱ ብቻ መመዘን አይገባም። ጮክ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስለናልና፣ የጎረቤታችንን አዲስ ስፒከር ተውሼ ከእኛው ደህነኛ ስፒከር ጋር ድምፃቸውን አስተካክዬ የበገና ደርዳሪውን የዓለሙ አጋን በገና ለቤተሰቡ አሰማሁ።

በገና ስፒከርን ይፈትናል። እያንዳንዱ አውታር ብርኩማው ላይ የሚያርፈው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራ፣ ጣልቃ ገብቶበት ነው። ያ የሚነዝር ድምፅ የሚመጣው ከዚያ ነው፤ በአንድ ጊዜ ወፍራምም ሻካራም ነው። አዲሱ ስፒከር ባሱን በኤሌክትሮኒክስ ኃይል ስለሚገፋው አንዱ አውታር ከሌላው ተደባልቆ ጎረነነ፤ የደርዳሪው ቃልም ከሥሩ ተዋጠ። በነባሩ ግን አውታሩ ሲመታ፣ ሲነዝርና ሲጠፋ ተለይቶ ይሰማል፤ ቃሉም ከላይ ጥርት ብሎ ይወጣል። ሁዳዴ ሲገባ አባታችን ዝም ብለው የሚሰሙት ይህን ነበር።

ለወንድሜ የመለስኩለት እንዲህ ነው፦ ስፒከሮቹ ይቆያሉ፤ የምንለውጠው ድምፁን የሚያጎላላቸውን አምፕሊፋየር ነው። ብሉቱዝ ያለው፣ በ12 ቮልት ባትሪ የሚሠራ ትንሽ አምፕሊፋየር ላክልን። ከስፒከሩ ጀርባ ከተጻፈው ኦም ጋር መስማማቱን ብቻ አረጋግጥ። ዋቱ ትልቅ ካልሆነ ብለህ አትጨነቅ፤ የኃይሉ እጥፍ መሆን ድምፁን በ3 ዴሲቤል ብቻ ነው የሚጨምረው፤ ለአንድ ሳሎን ጥቂት ዋት ይበቃል። እንዲህ ከሆነ የመብራቱም የስልኩም ችግር ይፈታል፤ የአባታችንም ስፒከሮች ሥራቸውን ይቀጥላሉ።

ኮይሉ የተቃጠለ ወይም ወረቀቱ የተበጣጠሰ ቢሆንና የሚተካ ቢታጣ ኖሮ አዲስ ይገዛ እል ነበር። ደህናውን ዕቃ ስላረጀ ብቻ መጣል ግን ጥሩ ድምፅን ከቤት ማስወጣት ነው።

ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ያላችሁ፣ የእናት የአባታችሁን ስፒከር ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት ቴክኒሻን ከፍቶ ይይላችሁ። የጠርዙን ስፖንጅ ያስቀየራችሁ ካላችሁ ደግሞ በልኩ ከየት እንዳገኛችሁ ንገሩኝ፤ እኔም ለሌላው አስተላልፋለሁ።