ጠበቅና ላላ በኪቦርድ ላይ

«አለ» ብዬ ብጽፍላችሁ እንዴት ታነቡታላችሁ? አንዳንዶቻችሁ «ተናገረ» ብላችሁ ትረዱታላችሁ፤ ሌሎቻችሁ ደግሞ «አልጠፋም፣ ይገኛል» ብላችሁ። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። «ለ» ላልቶ ሲነበብ አንድ ቃል፣ ጠብቆ ሲነበብ ሌላ ቃል ነው። «ዋና» ላልቶ ውኃ ውስጥ ነው፣ ጠብቆ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ነው። «ሰፊ» ላልቶ ልብስ ይሰፋል፣ ጠብቆ ጠባብ ያልሆነ ነው። አፋችን የሚለየውን ፊደላችን አይለየውም።

ይሁን እንጂ ይህ ጽሑፍ ስለ ሰዋስው አይደለም፤ ስለ ኪቦርድ ነው። አንድን ቁልፍ ነካ አድርጎ መልቀቅ አንድ ሥራ፣ ተጭኖ መቆየት ደግሞ ሌላ ሥራ እንዲሠራ ስለ ማድረግ ነው። ወደዚህ ጉዳይ ያስገባችኝ ግን አንዲት ባለ ሁለት ፊደል ቃል ስለሆነች በእሷ ልጀምር።

የተወለድኩት ምሥራቅ ጎጃም፣ ባሶ ሊበን ወረዳ፣ የጁቤ ከተማ ነው። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሆኜ አዲስ አበባ ሳለሁ፣ ታኅሣሥ ወር ላይ ታናሽ እህቴ «እማዬ መምጫህ መቼ ነው እያለች ነው» የሚል አጭር መልእክት ላከችልኝ። ስልኩ እየተቆራረጠ ስለነበር እኔም በመልእክት መለስኩ፤ «መምጫዬ ገና ነው። ሁላችሁም ደህና ሁኑ።» በቃ፣ ይኼው ነው። እኔ ለማለት የፈለግኩት «ገና ብዙ ጊዜ አለኝ፣ ቶሎ አልመጣም» ነበር። እህቴ ግን «ና»ን አጥብቃ ለእናቴ አነበበችላት። ወሩ ታኅሣሥ ነው፤ ምን ታድርግ?

እናቴ ጠላ ጠነሰሰች። ዶሮም ተገዛ። የበዓሉ ዋዜማ ታናሽ ወንድሜ እስከ ማታ መናኸሪያ ቆሞ ከመኪና የሚወርደውን ሰው ሁሉ ሲያይ ዋለ። በበዓሉ ቀን ስልኩ ሠራና እናቴ «ልጄ፣ የት ደርሰሃል?» አለችኝ። እኔ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነበርኩ። ነገሩ ሲገባኝ የምለው ጠፋኝ። አልተቆጣችኝም። «እኔማ አንተው ነህ ያልከው ብዬ ነው እንጂ» ብላ ዝም አለች። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

ከዚያ ወዲህ ይህች መጥበቅና መላላት የምትባል ነገር አላስተኛ አለችኝ። ልጅ ሆኜ የኔታ ዘንድ ንባብ ስማር «አጥብቀው!» «አላላው!» እየተባልኩ ነው ያደግኩት። በእኛ አገር፣ ዲማ ጊዮርጊስን በመሰሉ የቅኔ ቦታዎች፣ ሰምና ወርቅ ከሚሸሸጉባቸው መደበቂያዎች አንዱ ይኸው ነው፤ ቃሉ ላልቶ ሰሙን፣ ጠብቆ ወርቁን ይሰጣል። ለቅኔ ሀብት የሆነው ነገር ለእኔ መልእክት ግን መዘዝ ሆነ።

ነገሩን ሳጣራ ችግሩ ያሳሰበው ሰው ከእኔ በፊት እዚያው አጠገባችን እንደነበረ አወቅኩ። ከደብረ ማርቆስ አቅራቢያ እንዶዳም የተወለዱት ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲጽፉ በሚጠብቁት ፊደላት ራስ ላይ ነጥብ ያደርጉ ነበር። ልማዱ ግን በሌሎች ጸሐፊዎች ዘንድ አልተስፋፋም። ብዙ ሰው መጽሐፉን የሚያስታውሰው በወጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ንባብ ነው፤ እዚያ ደግሞ ነጥቡን የተካው የአንባቢው ድምፅ ነው። ኮምፒውተሩም ቢሆን ነገሩን አልረሳውም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 እትም ሲሆን፣ የማጥበቂያ ምልክቱ እ.ኤ.አ. በ2005 በ4.1 እትም ተጨመረ። ማለትም ምልክቱ አለ (እዚህ ጋ አጥብቃችሁ አንብቡልኝ)፤ የጠፋው በቀላሉ የሚጻፍበት ቁልፍ ነው።

እንግዲህ ሐሳቡ የመጣልኝ ያኔ ነው። ድምፅን ማጥበቅ ማለት ተነባቢው ላይ ትንሽ መቆየት አይደል? ታዲያ ጣትስ ቁልፉ ላይ ትንሽ ቢቆይ? ነካ ሲደረግ ላላ፣ ተጭኖ ሲቆይ ጠበቅ!

በእርግጥ አንዱን ቁልፍ በጊዜ ርዝመት ለሁለት መክፈል አዲስ ነገር አይደለም። የሞርስ ቴሌግራፍ ሙሉ በሙሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው፤ አንድ ቁልፍ ብቻ፣ አጭርና ረጅም፤ ረጅሙ የአጭሩን ሦስት እጥፍ ይቆያል። በአሮጌው የኖኪያ ስልክ መልእክት ስንጽፍ 2ን ነካ ብናደርግ ፊደል፣ ተጭነን ብንቆይ ቁጥሩ ራሱ ይጻፍ ነበር። በብዙዎቹ የዛሬ ስልኮች ኪቦርድ ላይ አንድ ፊደል ተጭነን ስንቆይ ዘመዶቹ ብቅ ይላሉ። የኮምፒውተራችን ማብሪያም እንዲሁ ነው፤ ነካ ሲያደርጉት እንዲተኛ ወይም በሥርዓት እንዲዘጋ ይጠይቃል፣ አራት ሰከንድ ያህል ተጭነው ሲቆዩ ግን ያለ ምንም ጥያቄ ድርግም ያደርገዋል።

ሥራውን የጀመርኩት አውቶሆትኪ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ነው። ኪቦርድ ለኮምፒውተሩ የሚነግረው ሁለት ነገር ነው፤ «ቁልፉ ወረደ» እና «ቁልፉ ተነሣ»። በሁለቱ መካከል ያለውን ጊዜ መለካት ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ይህን ያህል ቀላል መስሎኝ ነበር፤ ግን ሦስት ጊዜ ወደቅኩ።

መጀመሪያ የገጠመኝ ድግግሞሽ ነው። ቁልፍ ተጭነን ስንቆይ ዊንዶውስ ራሱ ፊደሉን ይደጋግመዋል፤ መደጋገም እስኪጀምር የሚቆይበትም ጊዜ ከሩብ ሰከንድ እስከ አንድ ሰከንድ በአራት ደረጃ ይስተካከላል። ስለዚህ የሚጠብቅ «ና» ፈልጌ ተጭኜ ስቆይ የሚያልቅ የማይመስል የፊደል ሰልፍ ተሰለፈልኝ። ይህን ያስተካከልኩት፣ ቁልፉ ሳይነሣ ተደጋግሞ የሚመጣውን «ወረደ» የሚል መልእክት ስክሪፕቱ እንዲውጠው በማድረግ ነው።

ሁለተኛው የባሰ ነበር። አጭር ይሁን ረጅም ለማወቅ ቁልፉ እስኪነሣ መጠበቅ አለብኝ ብዬ፣ ፊደሉ የሚጻፈው ጣት ሲነሣ እንዲሆን አደረግኩ። ታዲያ በፍጥነት የሚጽፍ ሰው የመጀመሪያውን ቁልፍ ሳይለቅ ሁለተኛውን ይጫናል። ጓደኛዬ «ሰላም» ብሎ ሊጽፍ ሲሞክር ፊደሎቹ ተዘበራርቀው ወጡ። «ይኼ ነገር ሰላም የለውም» ብሎ ሳቀብኝ።

መፍትሔው የተገኘው ከራሱ ከምልክቱ ጠባይ ነው። በዩኒኮድ የማጥበቂያው ምልክት ከፊደሉ በኋላ ገብቶ በላዩ የሚቀመጥ ነው። ስለዚህ መጠበቅ ምንም አያስፈልግም! ቁልፉ እንደወረደ ፊደሉ ወዲያው ይጻፍ፤ ጣቱ ከ300 ሚሊሰከንድ በላይ ከቆየ ምልክቱ ይታከልበት። አንድ ጥንቃቄ ብቻ አለ፤ በድምፅ አጻጻፍ «ና»ን የምንጽፈው በሁለት ቁልፍ ስለሆነ፣ ተጭነን መቆየት ያለብን ፊደሉን በሚጨርሰው ቁልፍ ላይ ነው። በዚህ መንገድ «ገና» ተጻፈ፣ ጣቴ ቆየ፣ «ገና፟» ሆነ። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ከዚህ አንድ ነገር የተማርኩ ይመስለኛል። ለአንድ ቁልፍ ሁለት ሥራ ስንሰጥ ረጅሙ አጭሩን የሚቀጥል ቢሆን ይሻላል፤ የሚቃረነው መሆን የለበትም። ሰው ተሳስቶ ቢቆይ እንኳ የሚጠፋበት ነገር የለም፣ ትርፏን ምልክት ማጥፋት ብቻ ነው። አጭሩ «አስቀምጥ»፣ ረጅሙ «ደምስስ» የሆነ ቁልፍ ግን፣ በመላላትና በመጥበቅ መካከል ሥራችንን ገደል ይከታል።

ሦስተኛውን ውድቀት ያሳየኝ አባቴ ነው። ክረምት ላይ ላፕቶፔን ይዤ አገር ቤት ገባሁ። አባቴ ፊደል የለየው በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ ማንበብ ይወዳል። «እስቲ አባዬ ስምህን ጻፍ» ብዬ ቁልፎቹን አሳየሁት። ዕድሜውን ሁሉ ሞፈር የጨበጠ ጣት ነው፤ ቁልፉን ፈልጎ ያገኘዋል፣ ረግጦ ይጫነዋል፣ መጻፉን በዓይኑ አረጋግጦ ይለቀዋል። ሲጨርስ ፊደሉ ሁሉ ራሱ ላይ ምልክት ተሸክሞ ነበር። አየና «ምነው፣ ሁሉም ዘውድ ደፋ?» አለኝ። እኛ ሳቅን፣ እሱ ግን አልሳቀም። «የኔ እጅ ለዚህ አይሆንም» ብሎ ላፕቶፑን ወደ እኔ ገፋ።

ጥፋቱ የእጁ አልነበረም። 300 የሚለውን ቁጥር የመረጥኩት እኔ ነኝ፣ በራሴ ጣት ለክቼ። ለእኔ «ረጅም» የሆነው ለአባቴ ገና መጀመሪያው ነው። በማግስቱ ስክሪፕቱን ለወጥኩት፤ ተጠቃሚው በመጀመሪያ አሥር ፊደል ይጽፋል፣ ፕሮግራሙ የእጁን ልማድ ይለካና ወሰኑን ከዚያ በላይ ያደርገዋል። ለአባቴ ከአንድ ሰከንድ በላይ ሆነ። ስሙን ጻፈ፣ የሚላላው ላላ፣ የሚጠብቀው ጠበቀ። ምንም አላለኝም፤ ግን እህቴን ጠርቶ አሳያት።

እስካሁን ያላለቀልኝ ነገር አለ። ምልክቱን በመልእክት ብልክላት እህቴ ስልክ ላይ ባዶ ሳጥን ሆኖ ታየ፤ የስልኳ ፊደል ምልክቱን አያውቀውም። እናም እውነቱን ልናገር፤ ባለፈው ዓመት ለበዓል ስሄድ የጻፍኩት «መምጫዬ ለገና ነው» ብዬ ነው። አንዲት «ለ» የእኔን የሌሊት ሁሉ ሥራ ተካችው። እናቴ ግን አሁንም አታምነኝም። ስደውል መጀመሪያ የምትጠይቀኝ «ጠብቆ ነው ላልቶ?» ብላ ነው።

በዲፓርትመንታችን የሶፍትዌር ፕሮጀክት የምትሠሩ እህትና ወንድሞቼ፣ ለቁልፍ ወይም ለስክሪን «ነካ» እና «ቆይ» ብላችሁ ሁለት ሥራ ስትሰጡ የማን ጣት እንደሚነካው አስቡ። በላብራቶሪ የምንቀመጠው ሁላችንም የአንድ ዘመን እጅ ነው ያለን። ቁጥሩን ከመወሰናችሁ በፊት ክረምት አገር ቤት ስትሄዱ አባታችሁን ወይም እናታችሁን አንድ ጊዜ አስነኩ። እኔ ስክሪፕቱን መሞከር ለሚፈልግ ሁሉ ለመስጠት ዝግጁ ነኝ፤ መልእክት ስትልኩልኝ ግን «ና» ካለበት አደራ፣ እንዲጠብቅ ወይም እንዲላላ ንገሩኝ።