ድምፅ ከብርሃን ኋላ

በሰኔ ወር እኩለ ቀን ላይ በምሥራቅ ሱዳኗ ከሰላ የቆመ ሰው ጥላው ወደ ደቡብ ይወድቃል። ፀሐይ ከአናት አልፋ ወደ ሰሜን ስለምታዘነብል፣ አንድ ስንዝር የምታህል ጥላ ከእግር ሥር ወጥታ ወደ ሰቲት፣ ወደ ሑመራ አቅጣጫ ትጠቁማለች። ሰኞ ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ከዓመቱ ቀኖች ሁሉ ረጅሙ ቀን፣ አገር ቤት ስድስተኛው ጠቅላላ ምርጫ ሲካሄድ፣ እኛ በተካ ተራሮች ግርጌ ኒም ዛፍ ሥር ቡና ይዘን ተቀምጠን ነበር። ድምፅ የምንሰጥበት ጣቢያ አልነበረንም፤ ክርክር ግን ነበረን።

የከሰላ ቡና ዝንጅብሉ ጠንከር ያለ ነው። የአገሩ ሰው ማፍያውን እንደኛው ጀበና ይለዋል፤ ፊንጃን ሲልም ከእኛ ፍንጃል ብዙ አይርቅም። በዚያ ዛፍ ሥር አዲስ የመጣ ሐበሻ ተቀምጦ ቡናው ሳይቀዳለት በፊት የሚጠየቀው መቼ እንደወጣ ነው፤ ከየት የሚለው ኋላ ይደርሳል። ጋሼ የምንላቸው ሽማግሌ የፊዚክስ መምህር ነበሩ፤ በ1970 ከቀይ ሽብር ሸሽተው በመተማ በኩል ወጥተዋል። እኔ በ1997ቱ ምርጫ በሕይወቴ የመጀመሪያውን ድምፅ ሰጥቼ በዓመቱ ወጣሁ። ሦስተኛው የአርማጭሆ ሰው ነው፤ ክረምት ሲገባ ለሰሊጥ አረም ወደ ገዳሪፍ ይወርዳል፣ አጨዳውን ጨርሶ ኅዳር ላይ ይመለሳል። በዚያ ዓመት ግን ድንበሩ ስላልተመቸው በጋሽ ወንዝ ዳር ብርቱካን አትክልት ውስጥ ሥራ ይዞ ቀርቶ ነበር። ከሁላችን ታናሹ የሽሬ ልጅ ነው፤ በኅዳር 2013 ተከዜን በሐምዳይት በኩል ተሻግሮ፣ ኡም ራኩባ መጠለያ ሰንብቶ ከሰላ ደረሰ። በእነዚያ ጥቂት ወራት ከ60 ሺሕ በላይ ሰው ከትግራይ ወደ ምሥራቅ ሱዳን ገብቷል።

ነገር ያነሣው ሰዓት ነው። የአርማጭሆው ሰው የእጅ ሰዓቱን በአገር ቤት አቈጣጠር ስለሚያስኬድ ሰባት ሰዓት ነው አለ፤ የእኔ ስልክ ግን አሥራ ሁለት ይላል። ሱዳን በጥቅምት 22 ቀን 2010 ዓ.ም. ሰዓቷን ወደ ኋላ ከመለሰች ወዲህ፣ መተማና ገላባት ጎን ለጎን ተቀምጠው በመካከላቸው አንድ ሙሉ ሰዓት ተጋድሟል። ከወዲያ ማዶ የተነሣ ዶሮ ጩኸት ወዲህ ማዶ የሚሰማው፣ እንደ ሰዓቶቹ ከሆነ፣ ገና ሳይጮኽ ነው። ቀኑም እንዲሁ ነው፦ ለእኛ 2013፣ ለሱዳን መሥሪያ ቤት 2021፣ ለመስጊዱ 1442። ጥላችን ግን አንድ ነበረች።

ከዚያ ወደ ምርጫው ገባን። እኔ ሕዝቡ የሚጠማው ክርክር ነው አልሁ፤ በ1997 ተፎካካሪዎች በቴሌቪዥን ፊት ለፊት ሲሟገቱ አገሩ ሁሉ እንዴት ጆሮ እንደሰጠ አነሣሁ። ጋሼ ፍርሃት ከሰው ልብ ሳይወጣ ወረቀት ሳጥን ውስጥ ቢገባ ዋጋ የለውም አሉ፤ በዓይናቸው የነበረው ወጣት በየመንገዱ ወድቆ ያደረባት ከተማ ነው። የአርማጭሆው ሰው ስለ መንገድ፣ ስለ ማዳበሪያ፣ እህሉን በሰላም ስለ መሰብሰብ ተናገረ። ልጁ ብዙ ዝም ብሎ ቆይቶ፣ “እኛ ቤት በር ሳጥን አልመጣም” አለ። እውነቱን ነው፤ በዚያን ቀን በትግራይ ምርጫ አልነበረም። የሶማሌና የሐረሪ ክልሎችም ድምፅ የሰጡት ከሦስት ወር በኋላ፣ መስከረም 20 ቀን 2014 ነው። ሁላችንም እየደጋገምን “አሁን” እንል ነበር፦ አሁን ሕዝቡ፣ አሁን አገሩ፣ አሁን ትውልዱ። ጋሼ ፍንጃላቸውን አስቀምጠው “የማን አሁን?” ሲሉ ጠየቁ።

ከሰላ ሐዲድ አላት፤ ባቡሩ የደረሰላት እ.ኤ.አ. በ1924 ነው። ጋሼ የአንስታይንን ትምህርት ያስረዱን በዚያ ሐዲድ ነው። አንድ ሰው ከሐዲዱ ዳር ቆሟል፤ ባቡር በፊቱ ያልፋል፤ ሌላ ሰው በባቡሩ መካከል ተቀምጧል። መብረቅ የባቡሩን ፊትና ኋላ መታ። ከዳር የቆመው ሰው የሁለቱ ብርሃን እኩል ደረሰው፤ እሱም በመካከል ስለቆመ “አንድ ጊዜ ወደቁ” ይላል። ተሳፋሪው ግን ወደ ፊተኛው ብርሃን እየገሰገሰ፣ ከኋለኛው እየሸሸ ነውና የፊተኛው ይቀድመዋል። ብርሃን ደግሞ ለማንም ሳያዳላ በሰከንድ 300 ሺሕ ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ተሳፋሪው “የፊቱ ቀድሞ ወደቀ” ቢል አልዋሸም፣ ዓይኑም አልታመመም። አንዱ “አሁን” የሚለው ለሌላው “አሁን” አይሆንም። የ26 ዓመቱ የበርን ከተማ የባለቤትነት መብት ቢሮ ሠራተኛ እ.ኤ.አ. በ1905 ይህን ሲጽፍ፣ ለዓለም ሁሉ እኩል የሚደውል አንድ ታላቅ ሰዓት አለ የሚለው እምነት ተናደ።

ሲመሽ ጋሼ ወደ ደቡብ፣ ከአድማስ ብዙ ያልራቀች ደማቅ ኮከብ አሳዩን፤ አልፋ ሴንቶሪ ናት። በዚያ ምሽት ዓይናችን የገባው ብርሃን ከእሷ የተነሣው ከአራት ዓመት ከአራት ወር ገደማ በፊት፣ በ2009 የካቲት አካባቢ ነው። “የእኛም ክርክር እንዲህ ነው” አሉ። “እኔ የማየው በ1970 የተነሣውን ብርሃን ነው፤ አንተ የ1997ቱን፤ ይህ ልጅ የኅዳሩን። አራታችንም ቀና ብለን አንዲት አገር ነው የምናየው፤ የደረሰን ግን የየራሳችን ዓመት ብርሃን ነው።”

ያን ጊዜ እኔ በደስታ ዘልዬ “እንግዲህ ሁሉም አንጻራዊ ነዋ!” አልሁ። ጋሼ ሲቈጡ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። አንጻራዊነት ማለት እውነት በየሰው ኪስ የሚቈረጥ ሳንቲም ነው ማለት እንዳይመስልህ አሉኝ። ርቀቱ ለአንዱና ለሌላው ይለያያል፣ ጊዜውም ይለያያል፤ ሁለቱን በትክክለኛው ቀመር ስታጣምራቸው ግን በሁለት ክስተቶች መካከል ያለው ልክ ለታዛቢ ሁሉ አንድ ይወጣል። ምክንያትም ከውጤቱ ይቀድማል፤ ልጅ ከአባቱ ቀድሞ ተወለደ የሚል ታዛቢ በየትኛውም ባቡር ላይ አይገኝም። በከሰላ ያለ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም። መረብ የምንለው ውኃ እዚህ ሲደርስ ጋሽ ነው፤ ተከዜያችን እዚህ ሰቲት ነው። ስሙ እንደ ዳርቻው ይለዋወጣል፤ ያን ውኃ የጠጣ ብርቱካን ግን ስሙን ሳይጠይቅ ያፈራል።

የእኛ የቀድሞ ሊቃውንትም ጊዜን በመሰነጣጠቅ የተካኑ ነበሩ። በባሕረ ሐሳብ አንድ ዕለት 60 ኬክሮስ ነው፤ ኬክሮስ 60 ካልዒት፣ ካልዒት 60 ሣልሲት፣ እንዲህ እያለ በራብዒትና በኃምሲት በኩል እስከ ሳድሲት ይወርዳል። የፀሐይ ብርሃን እኛ ዘንድ ለመድረስ የኬክሮስ ሢሶ ያህል ይፈጅበታል። ሳድሲት ግን ከሰከንድ ሚሊዮንኛ ሁለት እንኳን አትሞላም። ሊቁ ይህችን ታህል ጊዜ ለምን ፈለጋት ብዬ እደነቅ ነበር። መልሱ በየኪሳችን ባለው ስልክ ውስጥ ተገኘ። ቦታችንን የሚነግሩን ሳተላይቶች ከምድር 20 ሺሕ ኪሎ ሜትር በላይ ሲዞሩ፣ በፍጥነታቸው ምክንያት ሰዓታቸው ትንሽ ይዘገያል፣ የምድር ስበት በዚያ ከፍታ ስለሚላላ ደግሞ ይበልጥ ይፈጥናል፤ ተደማምሮ በቀን 38 ማይክሮ ሰከንድ፣ በአባቶች ቋንቋ 20 ሳድሲት ያህል፣ ከምድር ሰዓት ይቀድማል። ይህ ሳይታረም ቢቀር ካርታው በየቀኑ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ እየሳተ ይሄድ ነበር። መሐንዲሶቹ ሳተላይቱን ሐሰተኛ አላሉትም፤ ምድርንም አላሳበሉም። ልዩነቱን አምነው ተቀበሉ፣ አሰሉት፣ አረሙት፤ ከዚያ ሁላችንም በአንድ ካርታ እንሄዳለን። ስለ አገሬ ፖለቲካ ሳስብ ደጋግሜ የምመለሰው ወደዚህ ነው። ጎረቤቴ ሰዓቱ ከእኔ ቢለይ፣ ያየው ዘመን ከእኔ ቢለይ፣ ልዩነቱን ለክቼ እስካላወቅሁት ድረስ አንድ ካርታ አይኖረንም።

ምርጫ የዚህ ስሌት ታናሽ ወንድም ይመስለኛል። በየራሱ “አሁን” የሚኖር ሚሊዮን ሰው አንድ ጊዜ ቆሞ፣ ከየትም ሆኖ ቢቈጠር የማይለወጥ አንድ ቍጥር ያወጣል። በጣቢያው ተቈጥሮ በጣቢያው በር ላይ የሚለጠፈው ወረቀት የሚከበረው ለዚህ ነው፤ አሸናፊው ቢያነበው፣ ተሸናፊው ቢያነበው፣ መንገደኛ ቢያነበው ቍጥሩ ያው መሆን አለበት። አማርኛችንም ይህን ዝምድና አስቀድሞ ያወቀው ይመስላል፦ በምርጫ ጣቢያ የሚቀመጠውም ታዛቢ ነው፣ በባቡሩ ዳር የቆመውም ታዛቢ ነው። ድምፅም እንዲሁ ነው። ብርሃን በባዶ ኅዋ ያልፋል፤ ድምፅ ግን የሚያሻግረው አየር ይፈልጋል።

እኛ ያጣነው ያን አየር ነው። በ2011 የወጣው የምርጫ ሕግ ከመራጭ ዜግነትን፣ 18 ዓመትን፣ በምርጫ ክልሉም ቢያንስ ስድስት ወር መኖርን ይጠይቅ ነበር። ተገቢ ነው፤ ድምፅም እንደማንኛውም ክስተት የት እና መቼ ያስፈልገዋል። ግን ከዛፉ ሥር ያለነውን ቈጠርሁ። የአርማጭሆው ሰው ቀዬውን ያውቃል፣ ስድስቱን ወር ግን ሰሊጥ ይወስድበታል። ለጋሼና ለእኔ ዓመት ሞልቶናል፣ ቦታ ጠፍቶናል። ለልጁ ሁለቱም በአንድ ሌሊት ወንዝ ማዶ ቀሩ። ስለ አገር ሌት ተቀን የምንከራከር አራት ሰዎች በአገሩ ቈጠራ ውስጥ አንዳችንም አልነበርንም። ከአገር ውጭ ላለ፣ በመጠለያ ላለ፣ እንጀራ ፍለጋ ለሚመላለስ ዜጋ ድምፁን የሚያሻግር መንገድ መፈለግ የምርጫ ሕግ ጸሐፊዎች ዕዳ ነው ብዬ አምናለሁ።

አጠገባችን ሻይ ይጠጡ የነበሩ ሱዳናዊ ጎረቤታችንም ገቡበት። አገራቸው ከነጻነት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1953፣ በሕንዳዊው ሱኩማር ሴን የሚመራ ኮሚሽን ምርጫ እንዳካሄደች በኩራት ነገሩን። የ1986ቱንም አነሡ፤ በደቡብ ጦርነት ስለነበር ብዙ የምርጫ ክልሎች ድምፅ ሳይሰጡ እንደቀሩ፣ በሦስት ዓመቱም ወታደር ምክር ቤቱን እንደዘጋው። ልጁን አይተው አንገታቸውን ነቀነቁ። ሳጥን ያልደረሰው በር እዚያም እዚህም ያው በር ነው። ያን ጊዜ እሳቸው ራሳቸው የተስፋ ሰልፍ ላይ ነበሩ፤ በአራት ወሩ፣ ጥቅምት 15 ቀን 2014፣ ካርቱም ላይ መፈንቅለ መንግሥት ሆነ፤ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ደግሞ ጦርነቱ ፈነዳና ከሰላ ለሱዳናውያን ለራሳቸው መጠለያ ሆነች።

ጋሼ ስለ መሸነፍም ነገሩን። አንስታይን ብርሃን በፀሐይ አጠገብ ሲያልፍ ምን ያህል እንደሚጎብጥ ቍጥሩን አስቀድሞ አሳወቀ፤ ከኒውተን ሕግ የሚወጣው የዚያ ግማሽ ነበር። ግንቦት 21 ቀን 1911 ዓ.ም. ፀሐይ ስትጨልም እንግሊዛውያን በሁለት ቡድን ታዛቢ ላኩ፤ አንዱ ብራዚል ሶብራል፣ ሌላው በእኛው አህጉር ጠረፍ ፕሪንሲፔ ደሴት። ልኬቱ ሌላ ቢወጣ ኖሮ ሐሳቡ ይወድቅ ነበር። “ልሸነፍ የምችልበትን ቍጥር ይኸው ብሎ በአደባባይ ያልሰጠ ሰው፣ ሳይንስም ምርጫም አልጀመረም” አሉ ጋሼ።

ከዚያ ሕግ አወጡልን። ሰው ለባልንጀራው ከመመለሱ በፊት በእሱ ወንበር ተቀምጦ ያለውን መልሶ ይናገር፤ ባለቤቱ “አዎ፣ ይህን ነው ያልሁት” ካለ ይቀጥል። ከባድ ነበር። እኔ የአርማጭሆውን ሰው ለመናገር ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስት ጊዜ 1997ን ጨመርሁበት። ጋሼ የልጁን ያዙ። በመጀመሪያ “እኛም በ1970” ብለው ሲጀምሩ ልጁ ራሱን ነቀነቀ። ሁለተኛ ስለ ጦርነቱ ተናገሩ፤ ዝም አለ። ሦስተኛ ላይ ቆይተው፣ ዝግ ብለው፣ “እኛ ማን ያሸንፍ እያልን ስንከራከር፣ አንተ የምትጠይቀው ስትቈጥሩ እኔን ቈጠራችሁኝ ወይ ብለህ ነው” አሉ።

ልጁ ፍንጃሉን አዞረ። “አዎ አቦይ፤ ይህን ነው ያልሁት።”

በተካ ተራሮች ላይ መብረቅ በራ። የአርማጭሆው ሰው ልማዱ ነውና በጣቱ መቍጠር ጀመረ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። እኛም አብረን ቈጠርን። ዘጠኝ ላይ ድምፁ ደረሰ።